በቁማቸው ያለቀስሁላቸው አባቴ

ባለፈው ዓመት፣ የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮኪት ባለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጠን ፊልም እናይ ነበር። እኔ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጄና አማቴ ነን። ባለቤቴ እርሻ ላይ ነበር። ቆርቆሮው ከላይ ይጋግረናል፤ ቬንቲሌተሩም መዞሩን ይዞራል እንጂ የሚያመጣልን ያንኑ የጋለ አየር ነው። ፊልሙ ስለ አንድ ስመ ጥር የመድረክ ሰው ነው። አገር ያጨበጭብለታል፣ ሁለት ሴት ልጆቹ ግን አያናግሩትም። ልጆች ሳሉ ለሙያው ብሎ ትቷቸው ሄዷል፤ አርጅቶ ደጃቸውን ሲያንኳኳ እንደ ባዳ ያዩታል።

አንደኛዋ ልጁ በሩን ፊቱ ላይ ስትዘጋው ልጄ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ኧረ እማ፣ ይቺ ልጅ አያሳፍራትም እንዴ? ምንም ቢሆን አባቷ እኮ ነው!»

«ፊልም ነው፣ ተይው» አልኋት።

«ፊልም ቢሆንስ? እኔ አባዬ ደጅ ቢቆም እንዲህ አላደርገውም።»

አማቴ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አንሥተው እኔን አዩኝ። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁና ጓዳ ገብቼ ባዶ ጆግ ይዤ ቆምሁ። ፊልሙ አልቆ ዜና እስኪጀመር ድረስ አልተመለስሁም። መጨረሻው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጄ ልትነግረኝ ስትጀምር ወሬ እቀይርባታለሁ።

ልጄ አያቷ እሷ ሳትወለድ እንደሞቱ ነበር የምታውቀው። የነገርኋት እኔ ነኝ። አባቴ ግን በዚያች እሁድ በሕይወት ነበሩ። ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ታናሽ እህቴ ቤት ተቀምጠው ነበር።

አባቴ አዝማሪ ነበሩ። ይቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

የተወለድሁት ደጋ ነው። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች እኔንና እህቴን ያሳደገችን አክስታችን ናት። አባታችን ሌላው ሰው ቤቱ ሲሰበሰብ የሚወጡ ሰው ነበሩ። የጎረቤት ልጅ በፋሲካ አባቱ በግ ሲያርድ ያያል፤ የእኛ አባት ማሲንቋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሰው በግ ወደሚታረድበት ይሄዳሉ። ገናም ጥምቀትም እንደዚያው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለአጨዳ ከሚወርደው ሠራተኛ ጋር መኪና ላይ ተጭነው ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ሠራተኛው ሰሊጥ ሲያጭድ እሳቸው በየካምፑና በየመጠጥ ቤቱ ይጫወታሉ፤ አብደራፊም ኮኪትም ያላደሩበት የለም። ኅዳር ላይ ወባ አገርጥቷቸው ሲመለሱ ለእኔና ለእህቴ ጫማ ይዘው ይመጣሉ። ጫማው ሁልጊዜ ይጠበናል። የሚገዙት ባለፈው ዓመት በሚያውቁት እግራችን ልክ ነበር።

ይኼ ብቻ ቢሆን አኩርፌያቸው ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን አፈርሁባቸው። ትምህርት ቤት አንድ መምህር የአባታችንን ሥራ በየተራ ሲጠይቀን «ነጋዴ» አልሁ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ልጅ ማስመሪያውን ክንዱ ላይ እያስኬደ ማሲንቆ መጫወት ጀመረ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ማታ አባቴ ለክፋት ሳይሆን «ምን ተማርሽ ዛሬ?» ቢሉኝ መልስ ሳልሰጣቸው ተኛሁ። በዚያው ለመድሁት። ሲመጡ እወጣለሁ፣ ሲጠሩኝ አልሰማሁም እላለሁ። ልጅነት ነው እንዳልል እህቴም ልጅ ነበረች፤ እሷ ግን ሲመጡ ጉያቸው ውስጥ ነው የምትገባው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤት አልመጣልኝም። ኮኪት ወርጄ አንድ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ማበጠር ጀመርሁ። ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ሰሊጡን ጭኖ ይመጣና ሚዛን እስኪደርሰው በወሬ ይይዘኛል። አባቱ ሞተው እርሻውን ከእናቱ ጋር የሚያሠራ፣ ትራክተር ያለው፣ የተከበረ ቤት ልጅ ነው። «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ሲለኝ «ገበሬ ናቸው» አልሁት። ገበሬ ምን ያጠራጥራል? እኔም ከአፌ እንደወጣ ረሳሁት።

ነሐሴ ላይ ግን ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሽማግሌ ደግሞ የሚላከው ለአባት ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከቆላ ተነሥተው ደጋ ድረስ ወጥተው፣ በክብር ቆመው የእነእገሌ ቤት የት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ መንደርተኛው «አዝማሪው ቤት ነው?» ሲላቸው በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። አማቴ፣ ያን ጊዜ ገና አማቴ ሳይሆኑ፣ ቤታቸው አስጠርተውኝ «አባትሽ ጋ የምንልከው መቼ ይመቻቸዋል?» አሉኝ።

«አባቴ አርፈዋል» አልሁ።

«መቼ?»

ምላሴን በቆረጠው ኖሮ! ከብዙ ዓመት በፊት እንዳልል ለልጃቸው በሕይወት እንዳሉ ነግሬዋለሁ።

«ገና በዚህ ሳምንት መርዶ ሰማሁ።»

ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሰው ሞቷል ከተባለ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ይኼን ማሰብ አቃተኝ። አማቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው «ወይኔ ልጄን! በሰው አገር ብቻሽን መርዶ ውጠሽ?» ብለው ጮኹ። ጎረቤት ወጣ። እድሩ ተጠራ። ከሰዓት በፊት የእኔ ውሸት የነበረው ነገር ከሰዓት በኋላ በግቢያቸው ውስጥ ዳስ ሆኖ ተተከለ። አግዳሚ መጣ፣ ንፍሮ ተጣደ፣ የእርሻው ሠራተኞች ጭቃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ መጥተው ተቀመጡ። አማቴ ፍትሐት ይደረግላቸው ብለው ቄስ ጠሩ፤ ቄሱም የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ሰው ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቻለሁ፤ ለቄስ የሐሰት ስም መስጠት ግን ፈራሁ። እውነተኛውን ነገርኋቸው። በሕይወት ባሉ በአባቴ ስም ፍትሐት ተደረገ።

ከዚያ ማልቀስ ነበረብኝ። መጀመሪያ አስመስዬ ነበር የጀመርሁት፣ አልዋሽም። ፊቴን ሸፍኜ እየተንቀጠቀጥሁ ነገ ያልቃል፣ ነገ ያልቃል እላለሁ። አንዲት ሴትዮ «አባቷን ሳትቀብር፣ ደጇን ሳታሳይ» ብላ ስታዝንልኝ ግን የሆነ ነገር ከውስጤ ተፈነቀለ። ደረቴን እየመታሁ ብድግ አልሁ፤ ስንኙ ራሱ መጣ፦

በሕይወት እያለህ ደጄን ሳላሳይህ፣
ዛሬ ዳስ ጣልሁልህ ሰው ሁሉ እንዲያይህ።

ዳሱ ተናወጠ። እሱን ተከትሎ ሌላ መጣ፣ ሌላም። ስለ ጫማው ሁሉ አወረድሁ። ወንዱ ሳይቀር አለቀሰ፤ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ያ ድንጋይ ሰው፣ በኮፍያው ዓይኑን ይጠርጋል። ሴቶቹ «ምነው ይቺ ልጅ፣ አንጀት ትበላለች!» ይላሉ። የገረመኝና እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አለ፤ ደስ አለኝ። ሰው በቃሌ ሲያለቅስ፣ ዜማው በጉሮሮዬ ሲታዘዝልኝ፣ ደስ አለኝ። ከማን እንደወረስሁት እያወቅሁ ነው እንግዲህ።

ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። ጥር ላይ ተዳርሁ። ሽማግሌው ቤት ባከራየኝ ሰው በኩል አለቀ፤ የሙት ልጅ ናትና ማንም አልጨቀጨቀም።

አባቴ ነገሩን የሰሙት ከሠርጌ በፊት፣ በተከታዩ መስከረም፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ቆላ ሲወርዱ ነው። ይኼን የነገረችኝ እህቴ ናት። አንድ የጎጃም ሠራተኛ መኪናው ላይ አብሯቸው ተጭኖ፣ አዝማሪ መሆናቸውን ሲያይ፣ ነሐሴ ላይ ኮኪት አንዲት ሰሊጥ አበጣሪ አባቷን ያለቀሰችበትን ስንኝ ልስጥዎት ይላቸዋል። ስንኙን በቃሉ ይዞታል። የአገሬንና የእኔን ስም ጨምሮ ነገራቸው። አባቴ ስንኙን ሰምተው «ጥሩ ነው» አሉት አሉ። ከዚያ በኋላ መተማ ዮሐንስ ወርደው ቀሩ፤ ወደ ኮኪት ለጨዋታ የጠራቸውን ሁሉ «እዚያስ አልሄድም፣ እዚያ ሞቻለሁ» እያሉ ይመልሱት ነበር። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እህቴ ስልክ ደውላ ይኼን ስትነግረኝ «እታለም፣ መጥተሽ እግራቸው ላይ ውደቂ፣ ይቅር ይሉሻል» አለችኝ። እሺ አልኋት። እሺ እንዳልሁ አሥራ አምስት ዓመት ሞላኝ።

እህቴም ተከትላቸው ወርዳ እዚያው ጉምሩኩ አጠገብ ፉልና ሻይ ትሸጣለች። ለዕቃ መተማ ዮሐንስ በወረድሁ ቁጥር በዚያ በኩል ማለፍ አለብኝ። አንድ ቀን በባጃጅ ሳልፍ አባቴን አየኋቸው። ደጁ ላይ ጀላቢያ ለብሰው፣ ብርጭቆ ከርከዴ፣ ያን የሱዳኖች ቀይ ሻይ፣ ይዘው፣ ከሱዳን የሚገባውን መኪና ያያሉ። ባጃጁ መኪናው እስኪያልፍ ቆመ። ከእኔ እስከ እሳቸው አሥር እርምጃ አይሆንም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ። «ቶሎ ንዳው እንጂ!» ብዬ ባለባጃጁ ላይ ጮኽሁበት፤ መንገዱ እንደተዘጋ እያየሁ። ድምፄን ሰምተው ይሆን እያልሁ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ያን ፊልም ካየን በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ደወለች። የአባባ ሆድ አብጧል፣ ሐኪምም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። ለባለቤቴ ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን እንኳ ዋሸሁ።

አባቴ ከእህቴ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል አልጋ ላይ ተደግፈው ነበር። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ብቻ የድሮው ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ያዙኝ።

«ተይ፣ ተነሺ። ሙት ላይ አይወደቅም» አሉና ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጅ አለችሽ አሉ። ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ታንጎራጉራለች?»

ታንጎራጉራለች። ሰሃን ስታጥብ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ዝም ብላ አታውቅም። አዎ ስላቸው ፊታቸው በራ። ቆይተው «እስቲ እንዴት አድርገሽ እንዳለቀስሽኝ አሰሚኝ» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ በማርያም!»

«ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ከአንቺ ልስማው።»

በቁማቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ሙሿቸውን አወረድሁላቸው። በሹክሹክታ ጀመርሁ፤ «ድምፅሽን ልቀቂው» አሉኝ፤ ለቀቅሁት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። አባቴ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አልጋውን እየመቱ ዜማውን ይጠብቁልኛል። እንደጨረስሁ፦

«ቤት ይመታል» አሉ። «የመጀመሪያዋ እውነት ናት። ሁለተኛዋ ግን ውሸት ናት ልጄ። ዳሱ ውስጥ እኔን ማን አየኝ?»

ቅዳሜ ልጄን ይዣት እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። «እንግዲያው እስከ ቅዳሜ ልቆይ» አሉ። ኮኪት እስክደርስ መንገዱን ሙሉ ለባለቤቴ የምነግርበትን ቃል ስደረድር ነበር። ሰኞ ልነግረው ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ። ሐሙስ ጠዋት አባቴ ሞቱ። ሙቀቱ አያቆይምና እህቴ ደጋግማ ደውላ ስታጣኝ፣ እኔ ስልኬን ቤት ትቼ ገበያ ውዬ ስመለስ፣ ተቀብረው ነበር።

ጓዳ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ማልቀስ አልቻልሁም። ማን ሞተብሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? አባቴን እንዳልል አንዴ በዳስ፣ በንፍሮ፣ በፍትሐት አልቅሼ ጨርሻቸዋለሁ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

አማቴ ገቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደታጠፈላቸው እንጃ።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልሁ። «አባቴ ዛሬ ነው የሞቱት። ገበሬም አልነበሩም። አዝማሪ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ያኔ ስታለቅሺ አጠገብሽ ነበርሁ። ይኼን ሁሉ ዘመን ለቅሶ ስደርስ እንዲያ ያለ ስንኝ ከገበሬ ልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዝም አልሁ። ከወር በኋላ አንድ ሰው ማሲንቆ ይዘው ከግቢያችን ማዶ ቆሙ። አንቺ መጋዘን ነበርሽ። ዓይናቸውን ሳይ የማን አባት እንደሆኑ ማን ይነግረኛል? ይግቡ፣ ልጅዎን ላስጠራልዎ አልኋቸው። እምቢ አሉኝ።»

«ምን አሉ?»

«እሷ ትጥራኝ፣ ስትጠራኝ እመጣለሁ አሉ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።»

«ምነው ያን ጊዜ ቢነግሩኝ!»

«ሠርግሽ ሊደርስ ነው፣ ሰው ፊት ላዋርድሽ? ልጄ የወደዳትን አጥንት ቆጥሬ ምን ላደርግ? ዛሬ ትጠራቸዋለች፣ ነገ ትጠራቸዋለች ስል አሥራ አምስት ዓመት ጠበቅሁ። እኔም አጥፍቻለሁ።»

እኒህን ሴት ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት። በአባቴ ያፈረ ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም። አማቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን ተጣሩ፤ «ለእድሩ ንገር፣ ዳስ ይጣል፣ የሚስትህ አባት አርፈዋል!» ሲሉ ባለቤቴና ልጄ ግራ ገብቷቸው እየተያዩ ከሳሎን ወጡ። ሰው መጣ፤ «አባቷ ድሮ አልሞቱም እንዴ?» እየተባባለ መጣ። እኔ መሐል ቆሜ ስንኝ ፈለግሁ፣ አንድም አልወጣልኝም። «አባቴ አዝማሪው፣ አባቴ አዝማሪው» ብቻ እያልሁ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽሁ።